ትርጉሙን የማያውቀው ቃል አይቆጠርለት

ባለፈው እትም ስለ ግቢያችን ንጽህና የተጻፈውን ብዙ ሰው አንብቦ ሲወያይበት ስላየሁ፣ እኔም ሆዴ ውስጥ የቆየውን ሐሳብ ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ። ሐሳቤ ስለ እንግሊዝኛ የቃላት ጨዋታችን ነው። ጨዋታውን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ዓርብ በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ "ተወዳዳሪዎች ወደ ፊት!" ሲባል ቀድመው ከሚሮጡት አንዱ ነኝ። የማልስማማው በአንድ ደንብ ነው። እሱም "ቃሉ እንግሊዝኛ ከሆነ ይቆጠራል፣ ትርጉሙ አይጠየቅም" የሚለው ነው።

አዲስ ለገቡ ተማሪዎች፣ እንዲሁም በእረፍት ሰዓት ሻይ ላይ ለሚሆኑ መምህሮቻችን ጨዋታውን ላስረዳ። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱን "በዚህ ፊደል" እንለዋለን። ቲቸር ከካርቶን የተቆረጡ ፊደሎችን ከኮፍያ ውስጥ ያወጣሉ። ቢ ከወጣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በቢ የሚጀምሩ ብዙ ቃላት የጻፈ ያሸንፋል። ሁለተኛው "ላስት ሌተር" ነው። አንዱ "አፕል" ካለ ቃሉ ሲጻፍ በኢ ስለሚያልቅ ቀጣዩ በኢ ይጀምራል፤ "ኤለፋንት" ይላል። ኤለፋንት በቲ ያልቃል፤ "ታይገር" ይባላል። ታይገር በአር፤ "ራይስ"። ተመልካቹ እስከ አስር ይቆጥራል፤ እስከዚያ ያልመለሰ ይወጣል። አንዴ የተባለ ቃል አይደገምም። በቃ ይኸው ነው።

እኔ ይህ ጨዋታ ደብተር ላይ ከምንገለብጠው ብዙ ነገር ይበልጣል ባይ ነኝ። ለምን ብትሉ፣ የኛ ፊደል እንደሚሰማው ነው የሚጻፈው። "በግ" ለማለት በ እና ግ ይበቃሉ፤ ተደብቃ የምትቀር ፊደል የለችም። (የሀ፣ የሐ እና የኀ፣ የሰ እና የሠ ጭቅጭቅ አለ፤ እሱን ለአማርኛ ቲቸር ትቼዋለሁ።) እንግሊዝኛ ግን ይደብቃል። "ኔም" ሲባል በጆሯችን የምንሰማው መጨረሻ ኤም ነው። ስለዚህ አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ ቶሎ ብሎ "ማንጎ" ይላል፤ ይወጣል። ምክንያቱም ኔም ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ኢ አለች። ኬክም እንደዚያው፣ ታይምም፣ ሀውስም፣ ራይስም፣ ቴብልም። ኢ በድምፅ የለችም፣ በጽሑፍ ግን ቁጭ ብላለች። ያ ልጅ ማንጎ ብሎ ከወጣ በኋላ የ"ኔም"ን ኢ ዕድሜ ልኩን አይረሳትም። ሃያ ጊዜ በደብተር ከመጻፍ ይሻላል።

"በዚህ ፊደል" ላይ ደግሞ የሚደበቁት መጀመሪያ ላይ ናቸው። ኬ ሲወጣ ሁላችንም ኪንግ፣ ኪችን፣ ካይት፣ ኪክ ብለን ያልቅብናል። ለካ ቢላዋም በኬ ነው! ናይፍ ብለን እናነበዋለን እንጂ ከኤን በፊት ኬ አለች። ጉልበት ማለትም "ኒ"፣ ማወቅ ማለትም "ኖው"፣ በር ማንኳኳት "ኖክ" ሁሉም ኬ አላቸው፤ ኬዋ ግን ዝም ትላለች። ደብሊዩም ዝም የምትልበት አለ። መጻፍ "ራይት"፣ ስህተት "ሮንግ"፣ የእጅ አንጓ "ሪስት" በደብሊዩ ነው የሚጀምሩት። ኤች ደግሞ "አወር" ላይ ትደበቃለች። ባለፈው ዓመት ኤፍ ወጥታ ግማሹ ተወዳዳሪ "ፎን" እና "ፎቶ" ብሎ ጽፎ ተሰርዞበታል፤ ሁለቱም በፒና በኤች ነው የሚጀምሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢያችን ውስጥ "ፎቶ"ን በኤፍ የሚጽፍ ልጅ አላየሁም።

እዚህ ላይ ለጨዋታው ወዳጆች አንድ ምስጢር ላውጣ። አብዛኛው ሰው ተጋጣሚውን ለመጣል በኤክስ የሚያልቅ ቃል ይፈልጋል፤ ቦክስ፣ ፎክስ፣ ሲክስ፣ ታክስ። ልክ ነው፣ በኤክስ የሚጀምር ቃል አብዛኞቻችን የምናውቀው ኤክስሬይንና ያንን በመዶሻ የሚመታ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ዛይሎፎንን ነው። ግን ኤክስ ጨዋታውን ይገድለዋል እንጂ አያጣፍጠውም። የኔ ምርጫ ዋይ ነው። በዋይ የሚያልቅ ቃል እንደ ክረምት ጎርፍ ነው፤ ሃፒ፣ ቤቢ፣ ሲቲ፣ ካንትሪ፣ ስተዲ፣ መኒ፣ ኤቭሪ። በዋይ የሚጀምር ግን ጥቂት ነው፤ የስ፣ ዩ፣ ዬሎው፣ ያንግ፣ ይር፣ ያርድ፣ ከዚያ በኋላ ሰው ጣራ ጣራ ማየት ይጀምራል። ተጋጣሚህን ደጋግመህ ዋይ ላይ ብትጥለው ስድስተኛው ላይ ይደክማል። መከላከያውስ? "የስተርደይ" ናት። በዋይ ጀምራ በዋይ ታልቃለች። የወረወረብህን መልሰህ ለራሱ! በደብሊዩ "ዊንዶው" ለዚህ ያገለግላል። ዜሮክስ የሚባል ስምም በኤክስ ጀምሮ በኤክስ ያልቃል፤ የፎቶ ኮፒ ማሽን የሚሠራ ካምፓኒ ስም ስለሆነ ግን አይፈቀድም። በአማርኛ ብንጫወት ደግሞ "ትምህርት" የሚለውን ቃል የሚችለው አይኖርም ነበር፤ በት ጀምሮ በት ያልቃል። "ትዕግሥት"ም እንደዚሁ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ጨዋታው በራሱ ብልሃት እንዳለው እንድታዩ ነው። የምናውቃቸውን ቃላት ይዘን፣ ፊደላቸውን አገላብጠን አይተን፣ አስበን እናሸንፍ ነበር። አሁን ግን አንድ ወረቀት መጣ።

ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነው። ቤታቸው ኢንተርኔት ያለው ስልክ ያላቸው ልጆች ከታላላቆቻቸው ስልክ የገለበጡት ነው። በኪው፣ በኤክስ፣ በዜድ እና በጄ የሚጀምሩ አጫጭር ቃላት በረድፍ በረድፍ እንደ ስም መጥሪያ ተደርድረውበታል። ትርጉም የሚባል ነገር የለበትም። ቃል ብቻ። ጓደኛ ለጓደኛው ይሰጣል፣ ለሌላው አይሰጥም። አንዱን ገጽ ለመገልበጥ ሁለት ማስቲካ የከፈለ ልጅ አውቃለሁ። የእንግሊዝኛ ክበብም "ለዳኝነት ይመቻል" ብሎ ወረቀቱን ተቀበለው። አስቸጋሪ ፊደል ሲመጣ ዳኛው ወረቀቱን ያያል፤ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም።

ከሦስት ሳምንት በፊት የሆነውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ለፍጻሜ የደረሱት አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ እና አንዲት የ5ኛ ክፍል ልጅ ነበሩ። እኔ እስከማስታውሰው የ5ኛ ክፍል ልጅ እዚያ ስትደርስ የመጀመሪያዋ ናት። እሱ "ክለብ" አለ፤ በቢ ያልቃል። እሷ ትንሽ አሰበችና "ባዝ" አለች። ባዝ ንብ ስትበር የምታሰማው ድምፅ ነው፤ ሲጻፍ በሁለት ዜድ ያልቃል። ግቢው በጩኸት ተናወጠ። ዚብራም፣ ዜሮም፣ የእንስሳት ማቆያውም "ዙ" ቀድመው ተብለው ነበር። ተመልካቹ ስድስት ላይ ሲደርስ እሱ "ዛክስ" አለ። ዳኛው ወረቀቱን አየና "አለ" አለ። ዛክስ በኤክስ ያልቃል። እሷ አንድ እንኳ ሳይቆጠርባት "ኤክስሬይ!" አለች። አጨበጨብንላት። ዳኛው ግን ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየና "ኤክስሬይ ሲጻፍ መሐሉ ላይ ሰረዝ አለው፣ እዚህም የለም" ብሎ ሰረዘባት። ደብተሩንና እስክሪብቶውን እሱ ወሰደ። እሷ ከዚያ በኋላ ለውድድር ስትመዘገብ አላየኋትም።

ከውድድሩ በኋላ ሁለቱንም አነጋገርኳቸው። እሱን "ዛክስ ምንድነው?" ስለው "እኔ ምን አውቄ፣ ይቆጠራል አይደል?" አለኝና ሳቀ። አልዋሸም፣ አልኮረጀም፤ ደንቡን ነው የተጫወተው። በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። እሷን "ኤክስሬይ ምንድነው?" ስላት "አጥንት ሲሰበር የሚነሱት ፎቶ ነዋ! ወንድሜ ከዛፍ ወድቆ እጁን ተነስቷል። ሥጋው አይታይም፣ አጥንቱ ብቻ ነጭ ሆኖ ይታያል" አለችኝ። "ቦን" የሚለውንም ቃል ጨመረችልኝ፣ ሳልጠይቃት። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። ከሁለቱ እንግሊዝኛ ቃል ያወቀው ማን ነው?

እኔ ነገሩ ስላላስቻለኝ ወረቀቱ ከየት እንደመጣ ተከታተልኩ። የመጣው ስክራብል ከሚባል ጨዋታ ነው። ስክራብልን የፈጠረው በ1930ዎቹ (በፈረንጆች አቆጣጠር) አሜሪካ ውስጥ ሥራ የፈታ አልፍሬድ በትስ የሚባል አርክቴክት ነው። ሰውየው የቱ ፊደል በብዛት እንደሚመጣ ለማወቅ ጋዜጣ ዘርግቶ ፊደሎቹን ቆጠረ። በዚያ መሠረት ፊደል የተጻፈባቸውን ቁራጮች መደበላቸው። ሁሉም ሲደመሩ 100 ናቸው፤ ሁለቱ ምንም አልተጻፈባቸውም። ኢ ብቻዋን 12 ቁራጭ አላት፣ ነጥቧ ግን 1 ነው። ኪውና ዜድ አንድ አንድ ብቻ ናቸው፣ ነጥባቸው ደግሞ 10። ኤክስና ጄ 8 ነጥብ፣ ኬ 5 ነጥብ። ልክ እንደ ገበያ ነው፤ የበዛ ይረክሳል፣ ያነሰ ይወደዳል። ጨዋታው ሲያልቅ እጅህ ላይ የቀረ ፊደል ነጥብ ያስቀንስብሃል። ኪው ይዘህ ዩ ካጣህ ጉድ ፈላ! ለዚህ ነው የስክራብል ተጫዋቾች ኪውንና ዜድን ቶሎ የሚገላገሉባቸውን አጫጭር ቃላት ፈልገው ዝርዝር የሠሩት። ለነሱ ጨዋታ ዝርዝሩ ተገቢ ነው። ሰረዝ ያለበት ቃል የማይፈቀደውም በስክራብል ደንብ ነው፤ ሰረዝ የተጻፈበት ቁራጭ የላቸውማ! እኛ ግን የምንጫወተው በአፋችን፣ በድምፅ ማጉያ ነው። ሰረዝ በድምፅ ማጉያ ይሰማል እንዴ?

የወረቀቱ ደጋፊዎች ይህን ስነግራቸው አንድ ታሪክ ያመጡብኛል፤ ታሪኩም እውነት ነው። ናይጄል ሪቻርድስ የሚባል የኒውዚላንድ ሰው አለ። በእንግሊዝኛ ስክራብል ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ፣ በ2015 (በኛ በ2007 ሐምሌ) የፈረንሳይኛውን የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ። የሚገርመው ፈረንሳይኛ አይናገርም። የቃላቱን መዝገብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በቃሉ ይዞ ነው የሄደው። "አየህ፣ ትርጉም አያስፈልግም!" ይሉኛል። እኔም ሰውየውን አደንቃለሁ፤ እንደሱ ዓይነት ጭንቅላት ቢኖረኝ ሶሻል ሳይንስን በአንድ ሌሊት እጨርሰው ነበር። ግን ያ ሁሉ ቃል ዳቦ ቤት ገብቶ "ሁለት ዳቦ ስጡኝ" ለማለት ምን ይረዳዋል? እሱ የሄደው ሊያሸንፍ ነው፤ አሸነፈም። እኛ ግን ከእንግሊዝኛ ጋር ገና ረጅም መንገድ አለን።

9ኛ ክፍል ስንገባ ባዮሎጂውም፣ ኬሚስትሪውም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። ታላቅ እህቴ ዘንድሮ ገብታለች። (ይህን ማንበቧ ስለማይቀር አስቀድሜ ይቅርታ እላለሁ።) ጽሕፈቷ እንደ ማተሚያ ነው፤ ከሰሌዳ ላይ አንድም ፊደል ሳትስት ትገለብጣለች። ማታ ላምባችንን አብርተን ስናጠና "ይሄ ምን ማለት ነው?" ስላት "ለፈተና ይዘዋለሁ" ትለኛለች። ፎቶሲንተሲስ የሚለውን ቃል ከነፒውና ከነኤቹ ሳታይ ትጽፈዋለች። ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩበት መንገድ መሆኑን ግን፣ በአማርኛ በ6ኛ ክፍል የተማረችው ያው ነገር መሆኑን ግን፣ አላገናኘችውም ነበር። ሳገናኝላት ደብተሩን በመዳፏ መታችው። "ይሄ ነው እንዴ?" አለች። እሷ ሰነፍ አይደለችም። ቃሉ ወረቀቱ ላይ ካሉት እንደ አንዱ ሆኖባት ነው፤ ፊደሉ አለ፣ ሆዱ ባዶ ነው። የዓርቡ ጨዋታ ይህንን ልማድ ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲያስተምረን አልፈልግም።

"ትርጉም ከተጠየቀ ጨዋታው ይደርቃል" የሚሉም አሉ። እኔ ተቃራኒውን ነው ያየሁት። ወረቀቱን ይዤ ከእንግሊዝኛ ቲቸር ጋር በትልቁ መዝገበ ቃላት፣ እሱ ላይ ያጣነውን በቲቸር ስልክ፣ አንድ በአንድ ፈለግነው። ሁለት እረፍት ፈጀብን፤ ከዓርቡ ውድድር ያልተናነሰ ነበር የሳቅነው።

ከኪው እንጀምር። ኪው ሁልጊዜ ዩን አስከትላ እንደምትሄድ ተምረናል፤ ኩዊን፣ ኩዌስችን፣ ኩዊክ፣ ኩዋይት። ሙሽራና ሚዜ ናቸው። ያለ ዩ የምናውቃቸው ኳታርና ኢራቅ ናቸው፣ እነሱም የአገር ስም ስለሆኑ አይቆጠሩም። ወረቀቱ ላይ ግን ኪው፣ ኤ እና ቲ ብቻ ያሉት "ካት" የሚል ቃል አለ። ስንት ልጅ በዚህ ቃል ነጥብ አግኝቷል! ምን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? ጫት! ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ ገብቶ ነው። ቲቸር መነጽራቸውን አውልቀው እስኪያለቅሱ ሳቁ። በሰንደቅ ዓላማ ፊት በድምፅ ማጉያ "ጫት!" እያልን ስንጨበጨብለት ከርመናል ማለት እኮ ነው።

ቀጥሎ ኪውና አይ ብቻ ያለው ቃል። ሁሉም "ኪ" ነው የሚለው። አነባበቡ ለካ "ቺ" ነው፤ ቻይናዎች በሰው አካል ውስጥ ይዞራል የሚሉት የሕይወት ኃይል ነው። ዜድና ኤ፣ "ዛ"፣ አሜሪካኖች ፒዛን ሲያቆላምጡ የሚሉት ነው። ኤክስና ዩ ያለው የቬትናም ሳንቲም ነው። ያ ዋንጫ የወሰደው ዛክስ ደግሞ የጣሪያ ድንጋይ መቁረጫ መሣሪያ ሆኖ ተገኘ። እዚያ አገር ቤትን እንደኛ በቆርቆሮ ሳይሆን በስስ ጠፍጣፋ ድንጋይ የሚከድኑ አሉ፤ ድንጋዩን ቆርጠው የምስማር ቀዳዳ የሚያበጁበት ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ዛክስን ወደድኩት እንጂ አልጠላሁትም። አሁን ቃል ሆነልኛ።

ከዚያ ደግሞ የባሰውን አገኘን። ጤፍ በእንግሊዝኛው የስክራብል መዝገብ ውስጥ አለ፤ በሁለት ኤፍም በአንድ ኤፍም ተጽፎ ይቆጠራል። ብርም አለ። ንጉሥም አለ። የሰሜን ተራሮቹ ጭላዳ ዝንጀሮም "ገላዳ" ተብሎ አለ። አሜሪካኖቹ የሚጠቀሙበት ዝርዝር ላይማ የብር ብዙ ቁጥር "ብሮች" ነው! በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ስምንት ፊደል ይሆናል። አንድ ተጫዋች በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሰባት ፊደል ስለሆነ ቦርዱ ላይ ካለው አንዱን ተውሶ ነው መሥራት የሚችለው። የትም አገር ያለ ፈረንጅ "ብሮች" ብሎ ነጥብ ሲያገኝ አስቡት። እሱ ትርጉሙን አያውቅም ይሆናል፤ እኛ ግን እናውቀዋለን፤ በሳምንት የሚሰጠን ስንት ብሮች እንደሆነም እናውቃለን። ወረቀቱን ማስቲካ ከፍለው ከገለበጡት ውስጥ አንዱም እነዚህን አልገለበጠም፤ ኪው፣ ኤክስና ዜድ ስለሌለባቸው ነዋ።

አንዳንድ መምህሮቻችን ደግሞ ሌላ ስጋት አንስተውልኛል። ትርጉም ከተጠየቀ ዓይነ አፋር ልጆችና የታችኛው ክፍል ልጆች ይፈራሉ ይላሉ። ይህ ትልቅ ነጥብ ነው፤ ስለዚህ በደንብ አሰብኩበት። ትርጉም ስል በእንግሊዝኛ ይተንተን ማለቴ አይደለም። በአማርኛ አንድ ቃል ይበቃል። አማርኛው ከጠፋውም በእጁ ያሳይ። "ኖክ" ያለ ልጅ አየሩን ቢያንኳኳ ተቀባይነት ያግኝ። "ካይት" ያለች ልጅ ሰሌዳው ላይ ብትስል ይቆጠርላት። ለዚህ አስር ሰከንድ ይጨመር። ሰዓት ይፈጃል የሚለው አያሳምነኝም፤ አሁንም እኮ ዳኛው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች እስኪያነብ ሁለት ደቂቃ እንጠብቃለን። የሚያስፈራው ትርጉም መጠየቁ ሳይሆን የምታውቀውን ቃል ተናግረህ መሰረዙ ነው ብዬ አምናለሁ። የ5ኛ ክፍሏን ልጅ ያስቀራት ያ ነው።

መሸምደድ ጭራሽ ይቅር አላልኩም። ሀሁንም፣ ኤቢሲዲንም፣ የማባዛት ሠንጠረዥንም የያዝነው ሸምድደን ነው። የሸመደደ ልጅ ደክሟል፣ ድካሙ ይከበርለት። ዛክስንም ይበል፣ ጫትንም ይበል፤ ብቻ ምን እንደሆነ ይንገረንና ሁላችንም እንወቀው። ያኔ እሱ ሲያሸንፍ ሦስት መቶ ተማሪ አንድ ቃል ይዞ ወደ ክፍሉ ይገባል። አሁን ሲያሸንፍ ግን ደብተር ይዞ የሚገባው እሱ ብቻ ነው።

የመጽሔታችን ጸሐፊ፣ ጽሕፈቷ የሚያምረው፣ "እጄ ዝሏል፣ ከዚህ በላይ አልገለብጥልህም" ስላለችኝ የክበቡ ኮሚቴ እንዲወስን የምጠይቀውን ባጭሩ ላስቀምጥ። ተጫዋቹ ትርጉሙን በፈለገው መንገድ ካላሳየ ነጥብ አይሰጠው። ኤክስሬይ ይፈቀድ፤ የመማሪያ መጽሐፋችን ላይ ያለን ቃል ስክራብል ከልክሎታል ብሎ መሰረዝ ትክክል አይደለም። ዳኛው በወረቀቱ ፈንታ የቤተ መጻሕፍቱን መዝገበ ቃላት ይያዝ። ከ4ኛ ክፍል በታች ላሉት ኪውና ኤክስ ከኮፍያው ይውጡ፤ ገና ለገና ዛይሎፎን ካላወቃችሁ ተብለው ባይባረሩ ጥሩ ነው። ወረቀቱ ደግሞ ከኪስ ወጥቶ፣ ከነትርጉሙ በትልቁ ተጽፎ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ። ቤቱ ስልክ ያለውም የሌለውም እኩል ያንብበው። ማስቲካ የከፈለው ልጅ ትንሽ ይናደድ ይሆናል፤ ቻለው።

የመጀመሪያውን ረድፍ ጀምሬ ለክበቡ ሰጥቻለሁ፤ "ካት" ጫት፣ "ቺ" የሕይወት ኃይል፣ "ዛ" ፒዛ፣ "ዛክስ" የጣሪያ ድንጋይ መቁረጫ። ከወረቀቱ ገና አርባ ያህል ቃላት ይቀራሉ። ሐሙስ ከትምህርት በኋላ በቤተ መጻሕፍት ሆነን እንፈልጋቸዋለን፤ መዝገበ ቃላቱ አንድ ስለሆነ ቀድማችሁ ኑ፣ እስክሪብቶ ግን የየራሳችሁን ያዙ።